የሰፈራችሁን ቦይ ማን ይቆጥረዋል? የመንግሥት ወጪን ከሰፈር ሆኖ መከታተያ

በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ሦስት ብረት ድስትና አንድ የድንኳን ምሰሶ ጎደለ ተብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተነጋገርን። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ዘረጋ፣ ጸሐፊው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አነበበ፣ ዕቃ ያዥዋ ቁልፏን ይዛ ተነሣች። ሦስት ሰው ተመርጦ መጋዘን ገባ፣ ቆጥሮም ተመለሰ። ሁለቱ ድስቶች ልቅሶ ቤት ቀርተው ተገኙ፤ የሦስተኛው ዋጋ በማን ላይ እንደሚያርፍ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። እኔ 27 ዓመት የመንግሥት ሂሳብ መርምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እንዲህ ጥርት ያለ ምርመራ ያየሁባቸው መሥሪያ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስንበተን የጎረቤቴ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት የተሠራውን የጎርፍ ቦይስ ማን ይቆጥረዋል?» አለኝ። ለእሱ የሰጠሁት መልስ ወራት የፈጀ ሥራ ሆነና አብረን ሠራነው። እናንተም በየሰፈራችሁ መሥራት እንድትችሉ ያለፍንበትን ሁሉ እጽፍላችኋለሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ ቦይ ተራ ነገር አይደለም። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይተኛል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛ ይሻገርበታል። ከላይ ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል ግን ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ውኃው ይደርሳል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያንን ሌሊት ያለፈ የድሬ ሰው «አንድ ሜትር ጥልቀት» ተብሎ የተከፈለበት ቦይ 70 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲያገኘው ጉዳዩን የሂሳብ ልዩነት ብሎ አያልፈውም። የጎደለችው 30 ሳንቲ ሜትር ውኃው ወደ ቤት የሚገባባት ናት።

መጀመሪያ፣ ገንዘቡ የማን ነው?

ኦዲተር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግን የውስጥ ኦዲተር አለ። እሱ ስሕተትን በጊዜ ለመያዝ ይጠቅማል፤ ሆኖም ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነው። የቱንም ያህል ቅን ቢሆን የሚመረምረው አለቃውን ነውና ሸክሙ ከባድ ነው። ነፃ የሚባለው ምርመራ የሚመጣው ከውጭ ነው። ድሬዳዋ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደር ከተማ ስትሆን የራሷ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አላት፤ የአስተዳደሩን ቢሮዎች ሂሳብ የሚመረምረው እሱ ነው። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ሪፖርቱን የሚያቀርበውም ለዚያው ምክር ቤት ነው።

ይህን ያነሣሁት ለጠቅላላ ዕውቀት ብዬ አይደለም። ሰፈራችሁ ውስጥ የተሠራ መንገድ በፌዴራል በጀት የተሠራ ከሆነ ለከተማው ኦዲተር የምትጽፉት ደብዳቤ ወራት ፈጅቶ «አይመለከተንም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት ሥራው በሚሠራበት ቦታ የተተከለውን ሰሌዳ ፎቶ አንሡ። አሠሪው፣ ተቋራጩ፣ አማካሪው፣ አንዳንዴም የውል ዋጋውና የሚጠናቀቅበት ቀን እዚያ ላይ ይጻፋል። ሥራው ሲያልቅ ሰሌዳው ይነቀላልና አትዘግዩ። ሰሌዳ ካልተተከለ የጨረታ ማስታወቂያውን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፈልጉ።

የመንግሥት ሂሳብ ሠራተኞች በ1970 ዓመተ ምሕረት ሊማ ላይ የወጣውን የኦዲተሮች መግለጫ በሥልጠና ይማሩታል። ፍሬ ነገሩ ኦዲተር ከሚመረምረው አካል ነፃ ካልሆነ፣ ከውጭ ተጽዕኖም ካልተጠበቀ ሥራውን በትክክል ሊሠራ አይችልም የሚል ነው። እናንተም ከዚህ ተማሩ። ቦይ የምትለካው ኮሚቴ ውስጥ የተቋራጩ ዘመድ ወይም በአሠሪው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው አይግባ። በእኛ ኮሚቴ አንድ ጥሩ ሰው በዚህ ምክንያት ራሱን አግልሏል፤ አክብረነዋል።

ወረቀቱን ማግኘት

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ሰኔ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። በጀት ሳይሠራበት እንዳይመለስ ተብሎ ግዢ የሚጣደፈው፣ ያላለቀ ሥራ አለቀ ተብሎ ክፍያ የሚጠየቀው በዚህ ወር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ዕቃው ከሌላ ከተማ ሳይነሣ ገቢ የተደረገበት ሞዴል 19 የሚባለው ደረሰኝ ተፈርሞ አግኝቻለሁ። ዕቃው የመጣው ጥቅምት ላይ ነበር፤ የመጣውም ግማሹ ነው። ፊርማው ግን ሙሉ ነበር።

መረጃ የመጠየቅ መብት በመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ዋናው ምስጢር ሰነዱን በስሙ መጥራት ነው። «ስለ ቦዩ መረጃ ይሰጠን» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚሰጣችሁ ስለ ቦዩ ጥቅም የሚናገር አንድ ገጽ ነው። እኛ የጠየቅነው ከውሉ ጋር የተያያዘውን የሥራ ዝርዝርና መጠን፣ ለተሠራው ሥራ እስከ ዛሬ የተከፈለውን የሚያሳዩትን የክፍያ ምስክር ወረቀቶችና ሥራው አለቀ ተብሎ መጀመሪያ የተረከቡበትን የጊዜያዊ ርክክብ ቃለ ጉባኤ ነበር።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርጉ። ገቢ ያልሆነ ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ነው፤ 30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ማኅተም ነው። ለእኛ የመጀመሪያው መልስ በቃል የተሰጠ «ሰነዱ የውስጥ ነው» የሚል ነበር። አልተጣላንም። ክልከላው በየትኛው የሕግ አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን ሁለተኛ ደብዳቤ አስገባን፤ ግልባጩንም ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አደረግን። እርግጥ ነው፣ ሕጉ እንዳይገለጡ የሚጠብቃቸው መረጃዎች አሉ፤ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር ለምሳሌ። በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ ያለቀ ቦይ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን ምስጢር ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ደብዳቤ በገባ በ24ኛው ቀን ወረቀቱ ደረሰን። ኃላፊውም ዝም ቢሉን ኖሮ ቀጣዩ በር የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነበር፤ የዚህን ሕግ አፈጻጸም የመከታተል ኃላፊነት የእሱ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሰነድ በዘመድ በኩል በስውር ፎቶ አስነሥታችሁ አትያዙ። የተሰረቀ ወረቀት ያመጣላችሁን ሰው ከሥራ ያስወጣዋል፤ እናንተንም በክርክሩ መሐል ከጠያቂነት ወደ ተጠያቂነት ይወስዳችኋል።

ወደ ቦታው መውረድ

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ርዝመት 180 ሜትር፣ የቁፋሮ ስፋት 1.6 ሜትር፣ ጥልቀት 1 ሜትር። ሲባዛ 288 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ይሆናል። በሁለቱም ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከውስጥ የሚቀረው የውኃ መሄጃ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወረድን። እዚህ ከተማ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሜትር ይዞ ቦይ ውስጥ መቆም ከባድ ነው፤ የደከመው ሰው ደግሞ በግምት መጻፍ ይጀምራል።

በየ20 ሜትሩ በኖራ ምልክት አደረግን፤ አሥር ነጥብ ወጣ። በመጀመሪያው ልኬት አሥሩም ነጥብ ላይ ጎደለ። ልጁ ተናድዶ «ይኸው!» አለ። እኔ አካፋ አምጣ አልኩት። የድሬ ጎርፍ አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የአንድ ክረምት ውኃ ያለፈበት ቦይ ውስጥ 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር ደለል መተኛቱ የታወቀ ነው። አሸዋውን እስከ ወለሉ ጠርገን እንደገና ስንለካ ሰባቱ ነጥብ ላይ ጥልቀቱ ልክ ሆኖ ተገኘ። በታችኛዎቹ ሦስት ነጥቦች ላይ ግን ወለሉ ታይቶም 70 ሳንቲ ሜትር ነበር። አሸዋውን ሳንጠርግ ብንጽፍ ኖሮ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው አካፋ ይዞ መጥቶ መላ ሥራችንን ውሸት ያደርገው ነበር።

በነጥቦቹ መካከል ለክተን ጉድለቱ የሚጀምርበትን ቦታ ስናገኝ የጎደለው 50 ሜትር ያህል ሆነ። ሃምሳ በ1.6 በ0.3 ሲባዛ 24 ሜትር ኩብ ቁፋሮ፤ ግንቡም በዚያው መጠን ስለሚያጥር ሃምሳ በሁለት ጎን፣ በ0.4፣ በ0.3 ሲባዛ 12 ሜትር ኩብ የድንጋይ ሥራ። በክፍያ ምስክር ወረቀቱ ላይ ግን 288ቱም ተከፍሏል። እያንዳንዱን ልኬት ሜትሩ ከግንቡ ጋር እንደተያያዘ ፎቶ አነሣን፤ በቦታው የነበሩ አምስት ሰዎችም ፈረሙ።

ሥራው ግንባታ ካልሆነ መንገዱ ትንሽ ይለያል፤ መንፈሱ ግን ያው ነው። ለትምህርት ቤት ወንበር ተገዛ ከተባለ የገባበትን ሞዴል 19 እና ከመጋዘን የወጣበትን ሞዴል 22 ይዛችሁ ክፍል ለክፍል ቁጠሩ። ለጤና ጣቢያ መድኃኒት ከሆነ ቆጠራውን ለባለሙያ ተዉት፤ እናንተ ታካሚው መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ ተብሎ የተላከባቸውን ቀናት መዝግቡ።

መልስ ሳትሰሙ አትጻፉ

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ መጋዘን ስቆጥር 12 ፍራሽ ጎደለኝ። ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱን ከቆጠራው ጋር አስተያይቼ በሠራተኞቻቸው ፊት «ጉድለት አለብዎት» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። በማግስቱ ፍራሾቹ በዚያው ዕለት ጠዋት የወጡበትን ሞዴል 22 አመጡ፤ ወደ ካርዱ ገና አልተላለፈም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ይቅርታውን የሰሙት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ክሱን የሰሙት ዘጠኝ ሰዎች በቦታው አልነበሩም። ይህ ዛሬም ያመኛል። ኦዲተሮች ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት የመውጫ ስብሰባ የምናደርገው፣ ግኝቱን ለተመርማሪው አሳይተን መልሱን በጽሑፍ የምንቀበለው ለዚህ ነው። እናንተም ግኝታችሁን ለጎረቤት ከማውራታችሁ በፊት አሠሪው መሥሪያ ቤት ዘንድ ሄዳችሁ አሳዩ። «ሌባ» የሚል ቃል ከአፋችሁም ከወረቀታችሁም አይውጣ። የለካችሁት ቦይ ነው፤ የሰው ልብ አልለካችሁም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ምን እንዳገኛችሁ፣ ምን መሆን እንደነበረበት፣ ምን ጉዳት እንደሚያስከትልና ምን እንዲደረግ እንደምትጠይቁ ይዘርዝር። ምክንያቱን ካወቃችሁ ጨምሩ፤ ካላወቃችሁ ጠይቁ። የእኛ ይህን ይመስላል፦ «በውሉ የሥራ ዝርዝር መሠረት የቦዩ ጥልቀት 1 ሜትር ነው። በተያያዘው የልኬት ሠንጠረዥ እንደሚታየው በታችኛው 50 ሜትር ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ክፍያው በሙሉ ልክ ተፈጽሟል። ቦታው ውኃው ተሰብስቦ የሚወጣበት በመሆኑ በክረምት ወደ መኖሪያ ቤቶች ሊገባ ይችላል። የልዩነቱ ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ ከመጨረሻው ርክክብ በፊትም ቦዩ እንዲስተካከል ወይም ክፍያው እንዲታረም እንጠይቃለን።» ይኸው ነው። ቅጽል የለበትም፤ የማንም ስም የለበትም።

መልሱ ሲመጣ ታችኛው ክፍል ላይ ቋጥኝ እንደ ገጠመና አማካሪ መሐንዲሱ ጥልቀቱ እንዲቀነስ በጽሑፍ እንደ ፈቀደ ተገለጸልን። ፈቃዱን አሳዩን፤ እውነት ነበር። ክፍያው ግን በዚያ ልክ አልተቀነሰም፤ ይህንንም አመኑ።

የኦዲት ሪፖርት እንዴት ይነበባል?

ሪፖርቱን ስታገኙ መጀመሪያ የአስተያየቱን ዓይነት ፈልጉ። «ነቀፌታ የሌለበት» ማለት የሂሳብ መግለጫው የመሥሪያ ቤቱን ሂሳብ በትክክል ያሳያል ማለት ነው። ገንዘቡ ጥሩ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ግን አይደለም፤ በትክክል ተመዝግቦ የማይጠቅም ነገር ሊገዛበት ይችላል። ያንን የሚያየው የክዋኔ ኦዲት ነው፤ ሥራው በቁጠባ፣ በብቃትና በውጤት መሠራቱን ይመዝናል። «ከጥቂት ጉድለቶች በስተቀር» የሚል ከሆነ ጉድለቶቹ ተዘርዝረዋልና አንብቧቸው። የጎላ ችግር ያለበት የሚባለው መግለጫው በጥቅሉ የማይታመን ሲሆን ነው። ብዙ ሰው በቸልታ የሚያልፈው ደግሞ «አስተያየት ለመስጠት አልተቻለም» የሚለውን ነው፤ ለስላሳ ይመስላል። ኦዲተሩ ማስረጃ ጠይቆ በቂ አላገኘም ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ የተሳሳተ ሰነድ ይታረማል፣ የሌለ ሰነድ ግን ምን ይደረጋል?

ከዚያ «ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ» የሚለውን ፈልጉና ዕድሜውን ጠይቁ። ለሥራ ተብሎ በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ ተሠርቶበት በማስረጃ ካልተወራረደ ዓመት በዓመት ላይ እየተሸጋገረ ይቆያል፤ የወሰደው ሰው ይዛወራል፣ ይሞታል፣ አገር ይለቃል። ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪና የግዢ መመሪያን ሳይከተል የተፈጸመ ግዢ የሚሉትንም አትለፏቸው።

ሪፖርቱን ካነበባችሁ በኋላ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት አምጡና አጠገቡ አስቀምጡት። በሥራ ዘመኔ ሌሊት የሚያስነሣኝ ነገር ይህ ነበር። ለፍተን፣ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ መጋዘን ቆጥረን የጻፍነው ግኝት በቀጣዩ ዓመት ቃል በቃል እንደገና ይጻፋል፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። ኦዲተር አይከስም፣ አይቀጣም፣ ገንዘብ አያስመልስም። የሚጽፈው ለምክር ቤት ነው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በሪፖርቱ ላይ በይፋ ጠርቶ ይጠይቃል፤ ሲተላለፍ ተከታተሉት፣ አጠያየቁን ትማሩበታላችሁ። በከተማችን ደግሞ የመረጣችሁት የምክር ቤት አባል አለ። ለእሱ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ በዚህ ገጽ ያለው ያለፈው ዓመት ግኝት ምን እርምጃ ተወሰደበት? ይህን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በየስድስት ወሩም ድገሙት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለውን ተረት ከልቤ እጠላዋለሁ። ልጆቻችን ሳያፍሩ ሲደግሙት እሰማለሁ። ከመበላቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሁላችንም እንደ አየር ጠባይ መቀበላችን ነው።

የሐሰት ሰነድ ወይም ጉቦ ካጋጠማችሁ ጉዳዩ ከእናንተ አቅም በላይ ነው፤ ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና አካል ወይም ለፖሊስ አቅርቡ። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 እንዳለ እወቁ። የትም ስትሄዱ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ የተባለውን በዚያው ቀን ጻፉ።

የቦያችን ጊዜያዊ ርክክብ የተፈጸመው ኅዳር ላይ ነው፤ የመጨረሻው ርክክብ ከአንድ ዓመት በኋላ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ የተቋራጩ የመያዣ ገንዘብ አልተለቀቀም፤ ልዩነቱ ከዚያ ላይ እንደሚቀነስ በደብዳቤ ተገልጾልናል። የታችኛው 50 ሜትር ግንብ ከመሬት በላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ያቀረብነው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። ቀኑን በዕድሩ ቃለ ጉባኤ አስጽፈናል፤ በርክክቡ ዕለት የሚገኙ ሦስት ሰዎችም ተመርጠዋል። የ50 ሜትሩ መለኪያና አካፋው እኔ ቤት ናቸው። ለሰፈሩ የሚፈልግ ጎረቤት ካለ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል መጥቶ ፈርሞ ይውሰድ።